ጉድጓድ የገባው ድምፅ

"ቀስ! ቀስ በል ወሪያ! ግድግዳውን ከነካ የሁለታችንም ቤት ፈረሰ!" አለ አብዱሰመድ።

በሺር ገመዱን በመዳፉ እያሳለፈ ድምፅ ማጉያውን ወደ ደረቁ ጉድጓድ አወረደው። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ የግቢው የድሮ ባለቤት በሲሚንቶ አስለስኖ ያሠራው። አንድ ሻለቃ ጦር ከነበቅሎው ቢገባበት ቦታ ይተርፈዋል። የድሬዳዋ ሰኔ ደረቅ ስለሆነ ግን ከታች ከአንድ የሞተች እንሽላሊት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ማይክራፎኑ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በእንጨት ተንጠልጥሏል።

ሁለት ቴፕ፣ አንዱ የበሺር፣ አንዱ አብዱሰመድ ከሬዲዮ መጠገኛ ሱቁ ተሸክሞ ያመጣው፣ ጎን ለጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ቴፕ በአንድ ግቢ! ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ፣ ያ ሁሉ ሐዲድ ከተዘረጋ ጀምሮ፣ በግራም በቀኝም እንዲህ ያለ ጉድ አልታየም። አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። የሚጫወተው የዛምዛም ድምፅ ነው።

ዛምዛም የበሺር ሚስት ነበረች። በየካቲት የሳምባ በሽታ ወሰዳት። በጥር፣ ገና መቀመጥ በምትችልበት ጊዜ፣ በሺር ቤታቸው ውስጥ አንድ ዘፈን ስትዘፍን ቀድቷታል። በምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት የሚቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ ቴፑን የገዛው የሁለት ዓመት የትርፍ ሰዓቱን አጠራቅሞ ነው። "ስሜን የዘፈን ሸክላ ላይ ተጽፎ ልየው" ትል ነበር። አላየችም። አሁን አንድ የመጋላ ገበያ ሸክላ ነጋዴ ድምጿን ሰምቶ ወዶታል። "ግን ደረቅ ነው" ብሏል። "እንደ ሬዲዮ ኤኮ ይኑረው፤ ያስተጋባ። ሳሉም ይውጣ። ቴፑን የሚወስድልኝ ሰው ሐሙስ በአስራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እስከዚያ ካልደረሰ ለእኔ አታምጣው።"

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ሥራው የሚሠራው ደግሞ በቀትር ብቻ ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ድሬዳዋ ትተኛለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ የጋሪ ፈረሱ ጥላ ስር ይቆማል፣ ዝንብ እንኳ ፈቃድ ጠይቃ ነው የምትበረው። ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ሰዓት ያልሞከሩት የለም። በርሜል ውስጥ ሲያጫውቷት ጋዝ የምትሸጥ ሴት መሰለች። ጋን ውስጥ ሲያደርጓት አፍንጫዋን የያዙባት ይመስል ነበር። አብዱሰመድ የጎረቤቱን ሽንት ቤት ሳይቀር አስለቅቆ ሞክሯል፤ እዚያ ዝንቡ አብሯት ዘፈነ።

"ይሄ ግን ዋላሂ ይሠራል" አለ አብዱሰመድ እጁን እያሻሸ። "ይሄን ኤኮ ፈረንጅ ቢሰማው በመርከብ ይመጣል። እኔ ነኝ የምልህ! በዚች ከተማ እኔ ያልነካሁት ሬዲዮ የተናገረ አለ?"

"የአጎቴን ነክተኸው እስከ ዛሬ አልተናገረም።"

"እሱ ሬዲዮ መቼ ነበር? የዶሮ ቤት ነው። ክፈተው!"

በሺር ቁልፉን ተጫነ። ድምጿ ከመሬት ውስጥ ወጣ።

"ደቻቱ ደረቀ ብለህ አትዘናጋ፣
ሐረር ከዘነበ ድሬ ላይ ነው አደጋ።"

አብዱሰመድ ወደ ጉድጓዱ አፍ ጎንበስ አለ። ድምጿ ሰፍቶ፣ ረዝሞ፣ አንዱ ቃል ሳያልቅ ሌላው እየደረበበት ወደ ላይ ይፈስ ነበር። ስንጥቁ ሁሉ ተሸፍኗል። የታመመች ሴት ናት የሚል ሰው አይገኝም። በሺር ቴፑ ላይ የሚዞረውን ጥቅል እያየ ትንፋሹን ያዘ። ሆነ። ሸክላው ሆነ።

ከወዲያኛው ክፍል በር ተከፈተ። የዛምዛም እናት ሀዎ ሻሿን ሳታስር፣ ባዶ እግሯን፣ ከእንቅልፏ እንደተነሳች ወጣች። ሁለቱን ወንዶች አላየቻቸውም። በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄዳ ተንበረከከች።

"ዛምዛም" አለች ወደ ታች። "ዛምዛም፣ ልጄ።"

ድምፁ መዝፈኑን ቀጠለ። በሺር ዘሎ ቴፑን አጠፋው። የመጨረሻው ቃል ግን ወዲያው አልጠፋም፤ ከታች ትንሽ ቆይቶ ነው ያለቀው።

"ሆዮ፣ እናቴ፣ ተነሺ፣ መሬቱ ያቃጥላል" አለ በሺር ክንዷን ይዞ።

"ሴት ቀብር አትሄድም ብላችሁ ከደጅ መለሳችሁኝ" አለች ሳትነሳ። ድምጿ ከፍ አላለም። "እሺ አልኩ፤ ወጉ ነው። አፈር ሲገባባት አላየሁም። አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ነበር እኔ ጋ ያለችው። ዛሬ አንተ ቀበርክብኝ።"

"ለስሟ ብዬ ነው ሆዮ። ሸክላ ላይ ልየው ብላ የለ? እንዲህ ካልሆነ አይወስዱትም።"

"አቦ፣ ኤኮ እኮ ነው" አለ አብዱሰመድ ቀስ ብሎ። "ጥበብ ነው እናቴ። እሷ አይደለችም።"

"እኔም እኮ እሷ አይደለችም ነው የምለው!" ሀዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። "ዘፈኑን የቀዳህ ቀን እኔ እዚያ ድንጋይ ላይ ልብስ ሳጥብ ሰምቻታለሁ። መሀል ላይ አቁማ 'በሺር፣ በሩን ክፈተው፣ ሆዮ ትስማ' አለች። ከፈትክላት፣ ሰማሁ። እሱ የታለ? ሆዮ ያለችው የታለ?"

በሺር ወደ ክፍሉ ዞረ። ዓይኑ በክፍት በሩ ገብቶ ግድግዳው ላይ ያለው ምስማር ላይ አረፈ። ሁለት ክንድ የምትሆን ቡናማ የቴፕ ክር ተንጠልጥላለች። ትናንት በምላጭ የቆረጣት ናት፤ ሳሏና ያ ንግግር። ሊጥላት እጁ አልታዘዘለትም ነበር።

ገመዱን መሳብ ጀመረ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለ አብዱሰመድ። "ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል!"

"ያዝልኝ።"

ድምፅ ማጉያውን ወደ ክፍሉ አስገብቶ ዛምዛም ተደግፋ ትቀመጥበት በነበረው አልጋ ራስጌ፣ አፏ ይሆን በነበረበት ከፍታ ላይ፣ በሁለት ትራስ አቆመው። ምስማሩ ላይ ያለችውን ክር አወረደ። ቶርኖ ላይ የፀጉርን ያህል በሚለኩት ጣቶቹ ክሯን ከተቆረጠችበት መሀል መልሶ በማጣበቂያ ገጠማት። ማይክራፎኑን ደግሞ ግቢው ውስጥ ወስዶ ሀዎ ልብስ የምታጥብበት ድንጋይ ላይ አኖረው።

"ሳሉን መለስከው?" አብዱሰመድ ራሱን ያዘ። "ኤኮውስ? ነጋዴው ባይወስደውስ? በሺር፣ እኔ ጉረኛ ነኝ፣ ዛሬ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ይሄን ከሰማ ይመልሰዋል።"

"ሊመልሰው ይችላል።"

"ሸክላዋስ? ስሟስ?"

በሺር የማይክራፎኑን ገመድ አስተካከለ። "ከመለሰው ሌላ ነጋዴ እፈልጋለሁ። ሌላም ካልተገኘ... ቆርጬ፣ ጉድጓድ ከትቼ ግን አልሰጣትም።"

ሀዎ ድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሻሿን ከትከሻዋ አንስታ አሰረች። ከአጥሩ ውጭ ከተማዋ መንቃት ጀምራለች። አንድ ሱቅ የቆርቆሮ በሩን ወደ ላይ ገፋ። ሩቅ የጋሪ ቃጭል ተሰማ፤ ወደዚህ እየመጣ ነው።

"ጋሪ!" አለ አብዱሰመድ። "ድምፁ ይገባብናል፤ ማይክራፎኑን አስገብቼ በሩን ልዝጋው!" እጁን ወደ ክፍሉ በር ሰደደ።

በሺር አንድ ጣቱን ማጫወቻው ላይ፣ አንዱን መቅጃው ላይ አድርጎ ነበር።

"ተወው" አለ። "ክፍት ይሁን።"

ሁለቱንም ተጫነ።