ሁለት ግራ እጅጌ

ማክሰኞ ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የሙያ ማሰልጠኛው ዳይሬክተር እያለከለከ ልብስ ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመ። የስፌት መምህርቷ ታማለች፤ አሥራ ሁለት ሰልጣኞች ጨርቅ ዘርግተው እየጠበቁ ነው።

«ለዛሬ ብቻ ሰው አውሱኝ» አለ።

«መቀስን ውሰዳት» አለ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ አጎቷ፣ ከመነጽሩ በላይ እያየ። «የማውስህ እጇን ነው፤ ለምላሷ ግን ኃላፊነት አልወስድም።»

መቀስ የሚሏት እጇም አፏም ፈጣን ስለሆነ ነበር። ከአጎቷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ቤቱንም ሊያወርሳት ቃል ገብቶላታል። የማስተማር ዘዴው ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ስትሳሳት መቀሱን ነጥቆ ራሱ ይጨርስና «አየሽ?» ይላታል። እሷም ስታይ ኖረች። ኮት ለብቻዋ የቆረጠችው በስድስተኛው ዓመት፣ እሱ ወገቡን ታሞ በተኛበት ሳምንት ነው።

ማሰልጠኛው ክፍል ውስጥ ከፊት የተቀመጡት ጡረታ የወጡ ዘበኛ ነበሩ። አንዱን እጅጌ ቆርጠው የወረቀት ንድፉን ሳይገለብጡ ወደ ጎን አዛወሩትና ሁለተኛውን ሊጀምሩ መቀሱን ከፈቱ። የእሷ እጅ ሳታዘው ተወርውሮ ነጠቃቸው። «አዩ?» ልትል አፏን ስትከፍት ሰውዬው ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ደበቁ። ያን አደባበቅ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ መቀሱ የእርስዎ ነው። ይቀጥሉ።»

«ኧረ ሊያበላሹት ነው!» አለች ጎናቸው ያለችው ሴት።

«ያበላሹት። ጨርቅ አይደማም።»

ቆረጡ፤ ሁለቱንም እጅጌ ከልብሱ ጋር ወሰወሱ፤ ለበሱት። ቀኝ ትከሻቸው ላይ ጨርቁ ተጠማዞ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ጋሼ፣ ሁለት ግራ እጅ ይዘው ነው እንዴ ዘብ የቆሙት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አወለቁት፣ ፈቱት፣ እጅጌዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርበው ጠርዛቸውን አስተያዩ። እሷን እጇን በላት፤ ከኋላዋ አጣምራ ያዘችው።

«መገልበጥ ነበረብኝ!» አሉ ዘበኛው ጠረጴዛውን መትተው። «ንድፉን መገልበጥ!»

እሷ እጆቿን ለቅቃ አጨበጨበች። የዕረፍት ደወል ቢደወልም የተነሣ ሰው የለም፤ ሁሉም ንድፉን እያገላበጠ ነው።

ዳይሬክተሩን ኮሪደር ላይ ያዘችው። «ነገም እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም።»

«ለሁለተኛ መምህር ቦታስ አለኝ። አጎትሽ ግን ይገድለኛል።»

በመንገድ ላይ ለራሷ ጮክ ብላ እያወራች ሮጠች። «አልነጥቅም። እያየሁ ዝም እላለሁ። ስህተቱን ራሳቸው ይልበሱት!» ያዩዋት ከሰው የተጣላች መሰላቸው።

የሆነውን ስትነግረው አጎቷ ካውያውን አቆመ። «ሲያበላሹ ቆመሽ አየሽ?»

«አየሁ፣ ጋሼ። መምህር ልሆን ነው።»

«ታዲያ ይሄን ቤት ለማን ልተወው?»

ደስታዋን ከፊቷ ላይ ልታጠፋው አልቻለችም፤ እሱም ያንን አይቶ ፊቱን ወደ ስፌት መኪናው አዞረ።

ሁለት ሳምንት አኮረፋት። እሷ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማረች፤ ስፌት ቤቱ አጎቷ በሞተ በሦስተኛው ወር ተዘጋ።