የጋዋኑ ጥቅል

«ምን አግኝቶት ነው እንዲህ በድንገት?» አለች ጎረቤትየዋ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ።

«ልቡ ነው» አሉ አጎትየው፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «ልብ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እሷም ጠፍቷታል። ልቡስ ደህና ነበር። ሰዓት ሠሪው ወንድሟ ራሱን ነው ያጠፋው። ይህን የሚያውቁት እሷ፣ አጎቷና የሟች ልጅ ብቻ ናቸው፤ ገና ከቀብር ሲመለሱ አጎትየው «ሆድ ይፍጀው» ብለው አፋቸውን አስይዘዋቸዋል። እኒሁ አጎት ያበጠ ጉልበታቸውን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ገልጠው እያሳዩ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉ ሰው ናቸው። ተረቱ ለጉልበት ብቻ የተተረተ ይመስል።

የሟች ልጅ ትሪ ይዛ ገባች። ከክፍሉ መሐል ስትደርስ ቆመች፤ ለምን እንደገባች የጠፋት ትመስላለች። ሃያ ዓመቷ ነው።

«ሐዘኑ አፈዘዛት፣ አይ ልጄ!» አለች ጎረቤትየዋ።

ልብስ ሰፊዋ ግን ያንን አቋቋም ታውቀዋለች። ወንድሟም ሕመሙ ሲጀምረው እንዲሁ ነበር፣ መፍቻውን ይዞ ሱቁ መሐል ድርቅ ይላል።

ያኔ መካሪው ብዙ ነበር። አንዱ ቫይታሚን፣ ሌላው ዕረፍት፣ ሌላው ደግሞ በእግር መሄድ አዘዘለት። ዓመት ሙሉ ከተንከራተቱ በኋላ ነው ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል የደረሱት። ሐኪሙ ታግሦ አዳመጠው፣ መድኃኒት ጀመረለት፤ ነርሷም በየወሩ እየቀጠረች ታነጋግረው ነበር። በሦስተኛው ወር ሥራው ላይ ሆኖ ማፏጨት ጀመረ። ፉጨቱ ለጆሮ አይመችም፣ እሷ ግን የምትሰማበት ሰበብ እየፈለገች ወደ ሱቁ ትመላለስ ነበር።

ችግሩ የክፍሉ በር ነበር። ደንበኞቿ ከሚገበያዩበት መንገድ ፊት ለፊት ነው። እሷም መላ ዘየደች፤ ለሆስፒታሉ ጋዋን የመስፋት ሥራ ያዘች። በቀጠሮው ቀን ነጭ ጥቅል ታቅፋ ትሄዳለች፤ ለጠየቃት ሁሉ «ጋዋን ላደርስ ነው» ትላለች።

«እትዬ፣ የምታደርሺው እኔን ነው ጋዋኑን?» ይላታል ወንድሟ እየሳቀ።

ከዚያ መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠው ጀመር። አንድ ቀን ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ብሎን ከጣቱ አምልጣ፣ ሁለቱም ተንበርክከው ወለሉ ላይ ሲፈልጉ ዋሉ።

«እጄ ከሄደ ምን ቀረኝ? ነርሷ ጋ እንሂድ» አላት።

ነርሷማ ነግራቸው ነበር፦ «የሚያስቸግር ነገር ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ ካልሆነም ይቀየራል። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት።»

በዚያ ሳምንት የሚደርስ ጋዋን አልነበረም።

«ትእዛዙ እስኪመጣ ታገሥ» አለችው። «መድኃኒቱን እስከዚያ ብትተወውስ?»

ከልጅነቱ ጀምሮ ቃሏን ጥሎ አያውቅም፤ ተወው። ትእዛዙ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ጋዋኖቹ ተሰፍተው፣ ተተኩሰው፣ ታጥፈው ሲያበቁ እሱ ከአልጋው አልነሣ አለ። «እንሂድ» ስትለው «ነገ» ይላታል። አንድ ማለዳ ቁርስ ይዛለት ስትገባ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ልጅቱን ተከትላ ወጥ ቤት ገባች።

«እንቅልፍ ካጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ከአባዬ በፊት ነው፤ ሁለት ወር ሆነኝ።» ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እሱን እያስታመምሽ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ አክስቴ? አሁንማ እሱ የሄደበት መሄድ ያምረኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ልጅቱን እቅፍ አድርጋ ያዘቻት።

«እንኳን ነገርሽኝ። ጫማሽን አድርጊ፣ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። አሁኑኑ። ከጎንሽ አልለይም።»

ሳሎኑን ሲያቋርጡ አጎትየው ብድግ አሉ፤ ጉልበታቸውንም ረሱት።

«ሐዘንተኛ እንግዳ ጥሎ ወዴት ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ጋሼ፣ ወንድሜ ልቡን አልታመመም።» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አእምሮውን ታሞ ነበር። መድኃኒትም ነበረው፣ ተሽሎትም ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ያስተውኩት እኔ ነኝ። አሁን ያለውን ይበል!»

ጎረቤትየዋ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሣች።

«ታክሲ ላስቁምላችሁ» ብላ ቀድማቸው ወጣች። አጎትየው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ከበሩ አጠገብ የስፌት መኪናዋ አለ፤ ላዩ ላይ ያልደረሰው የጋዋን ጥቅል እንደታጠፈ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ አንሥታ ታቀፈችው። ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ተመለሰችና ቦታው ላይ አኖረችው፤ የላይኛውን ጋዋን ኮሌታ በመዳፏ አስተካከለች፣ የወንድሟን ኮሌታ ታስተካክል እንደነበረው። በዚያው መዳፏ የልጅቱን እጅ ያዘች።