የኦከርን ኪዮስክ ፈቃድ

ምኞት ኖርዌይ ውስጥ፣ ሄልስፊር በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የንግድ ፈቃድ ማመልከቻ እየመረመረች ትወስናለች። ኦከርን በሚባል ሰፈር ካለ የሕንፃ ግንባታ አጠገብ ለምትቆም አንዲት ኪዮስክ ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ ገነነና ወይዘሮ ሂወት የሚባሉ ኤርትራዊት። ፈቃዱን ለገነነ ሰጠች። በሳምንቱ የወይዘሮ ሂወት ቅሬታ መጣ።

«ምንም አይደል» አለቻት አለቃዋ ማርያ። «እንዴት እንደወሰንሽ ጽፈሽ ቅሬታው በሚሰማበት ስብሰባ ላይ አስረጂ።»

ምኞት «ሁለቱም ማመልከቻዎች በእኩል ዓይን ታይተዋል» ብላ ጀመረች። ተነሥታ ውሃ ቀዳች፤ ሳትጠጣው ተመለሰች። መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። ሁለቱም ማመልከቻቸውን የኪዮስኩን ንድፍ ሳያያይዙ ነበር ያስገቡት። ያኔ ለገነነ ደውላ «ንድፉን ረስተሃል፣ ዛሬውኑ አምጣ» አለችው። ለወይዘሮ ሂወት ግን «አልተሟላም» የሚል ደብዳቤ ላከች። ያን ጊዜ ላዳላ ብላ አላሰበችም። አሁን ግን ዓረፍተ ነገሯን አምስት ጊዜ አጥፍታ አምስት ጊዜ መልሳ ጻፈችው።

በስብሰባው ቀን ጽሑፏን እየተጣደፈች አነበበች። ማርያ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ወይዘሮ ሂወት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በኖርዌይኛ ጠየቁ፦

«ንድፍ የጎደለው የእኔ ብቻ ነበር?»

ምኞት ጽሑፏን ወደ ጎን አደረገች።

«አይደለም። የገነነም ጎድሎ ነበር። ለእሱ ደወልኩለት፤ ለእርስዎ አልደወልኩም።»

ማርያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ሂወት በአማርኛ «ልጄ፣ ስልክ ቁጥሬ እኮ ማመልከቻው ላይ አለ» አሏት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። እሳቸው ወደ ሊፍቱ ሄዱ።

ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ምኞትም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ጉዳዩ ለሌላ ሠራተኛ ተላለፈ፤ ሁለቱም እንደገና አመለከቱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገነነ አጥሩ ጋ ጠበቃት።

«ማን ጠይቆሽ ነው ስሜን ያነሣሽው?»

«እሳቸው ጠየቁኝ።»

«ዝም ማለት አቅቶሽ?»

«አዎ፣ አቃተኝ።»

ጥሏት ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ገነነ በንጹሕ ውድድር በድጋሚ አሸነፈ። ምኞት ውሳኔውን ደጋግማ አነበበች፤ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፣ ደስ ግን አላላትም። በማግስቱ ኦከርን ወርዳ ኪዮስኩ ፊት ከግንባታ ሠራተኞቹ ኋላ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ገነነ ቀና ብሎ አያትና፣ እንደማያውቃት ሰው፣ በኖርዌይኛ ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«ሻይ» አለች በአማርኛ።

ቀዳላት።