ሲግል እምቢ ያለው ሞተር

ደሪቱ ቤንዚን ትፈራለች። ገርጂ ውስጥ ጋራዥ ከፍታ መኪና ሥር ተጋድማ የምትውል ሴት ቤንዚን ትፈራለች ቢባል ማን ያምናል? እሷም ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ተቀጥራ በምትሠራበት ቦታ፣ አልነሳ ያለ ሞተር ቤንዚንና አየር በሚቀላቅልበት ካርቡራቶር ላይ ቤንዚን ስታንጠባጥብ እሳቱ ተመልሶ ወጣና ግራ ክንዷን እስከ ክርኗ ላጠው። የራሷን ጋራዥ ከከፈተች ወዲህ የምትቀበለው የናፍጣ መኪና ብቻ ነው። ለምን ብሎ ለጠየቃት ሁሉ «የናፍጣ ሥራ ይበዛል» ትላለች።

ጋሽ ዘርአጽዮንን ግን እንዲህ ብላ መሸኘት አልሆነላትም። አርባ ዓመት የአውሮፕላን ሞተር ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ በሙያ ትምህርት ቤት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቀይ፣ ባለሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራት የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና እየነዱ መጡ።

«ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ስነካው ትነሳለች» አሏት። «ነድቻት፣ ግላ ካጠፋኋት ግን አበቃ። አንድ ሰዓት ካልቀዘቀዘች ወይ ፍንክች። ባትሪ ቀየርኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ማስነሻ ሞተሪኖዋን አስፈታሁ። ዓይኔ ደከመ ልጄ፣ አንቺ እይልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምሠራው…» አለችና የቀረውን ዋጠችው። «እሺ። ሲግል ከሆነ የሚያስቸግረው፣ አግለን ነው ማየት ያለብን።»

እኩለ ቀን ላይ ተነሱ። የእሳቸው በር እጀታው ተበላሽቶ ከውስጥ አይከፈትም፤ ከውጭ ዘጋችላቸው። ከዚያ የእሳት ማጥፊያውን ከጋራዡ ግድግዳ አውርዳ ገባችና እግሯ ሥር አስቀመጠች።

«ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች።

የካ አባዶ ደርሰው ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር አቆሙና አጠፏት። አሥር ደቂቃ ጠበቁ። ጋሽ ዘርአጽዮን ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሪኖው ዞረ፣ ሞተሩ ግን አልያዘም። ደሪቱ ኮፈኑን ከፍታ ከሩቅ አየችው።

«ቀረብ በይ እንጂ!»

ትንፋሿን ይዛ ቀረበች። የቤንዚኑ ቱቦ የጭስ ማውጫውን ሊነካ ተቃርቧል፤ ከመስታወት በተሠራችው የቤንዚን ማጣሪያ ውስጥ ቤንዚኑ እንደተጣደ ውሃ ይንተከተካል። ሞተር ሲጠፋ ማቀዝቀዣ ንፋሱም ውሃውም መዞር ያቆማል፤ የብረቱ ሙቀት ግን ወደ ላይ መውጣቱን አያቆምም።

«ጋሼ፣ ቤንዚኑ ፈልቶ እንፋሎት እየሆነ ነው። ፓምፑ እንፋሎት መግፋት አይችልም።»

ጋሽ ዘርአጽዮን ግንባራቸውን መቱ። «ስንቱን ሳስተምር ኖሬ የራሴ መኪና ላይ ይጥፋኝ!»

ጨርቅ በውሃ አርሳ ፓምፑና ቱቦው ላይ ጣለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ መኪናዋ ተነሳች። «በሉ፣ ጋራዥ እስክንደርስ እንዳያጠፏት» አለቻቸው።

እሳቸውስ አላጠፏትም። ኢምፔሪያል ሲደርሱ ግን መንገዱ ተዘጋግቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቦታ ቆሙ። መኪናዋ ሁለቴ እንደ ማሳል አለች፤ መሀል መንገድ ላይ ጠፋች። ከኋላ አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ክላክሱን ለቀቀው። ታክሲዎቹ ተከተሉት። ደሪቱ ማጥፊያውን አንስታ ወረደችና ኮፈኑን ከፈተች።

የፈላው ቤንዚን ከካርቡራቶሩ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ችስ ይላል። ጋሽ ዘርአጽዮን ደግሞ የኋላውን ጩኸት አፍረው ቁልፉን ያዞራሉ፣ ነዳጅ ይረግጣሉ፣ ደግመው ያዞራሉ።

«ጋሼ፣ ይተዉት! ቁልፉን ይልቀቁት!»

በክላክሱ ጩኸት የሚሰማት የለም። ሽታው አፍንጫዋን ሲሞላው አፈገፈገች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሌላ እርምጃ። ያኔ ካርቡራቶሩ ሥር «ቡፍ» አለና ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ አለ።

ሩጪ ሩጪ አላት። ነገር ግን አንድ ነገር ታያት፦ የተከፈተው ኮፈን ጋርዷቸዋል። ሽማግሌው እሳቱን አላዩም። አሁንም አጎንብሰው ቁልፍ ያዞራሉ፤ በራቸውም ከውስጥ አይከፈትም።

ሮጠች፣ ወደ በሩ። በረገደችው። ቁልፉን ነጥቃ በብብታቸው ገብታ ጎተተቻቸው። ከዝቅተኛው ወንበር መውጣት ሲያቅታቸው፣ ሊሳደብ የወረደው የከባድ መኪናው ሹፌር ስድቡን ትቶ ደገፋቸው። ደሪቱ ወደ እሳቱ ዞረች። የማጥፊያውን ማገጃ ነቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና ጨመቀችው። ዱቄቱ ስቶ አስፋልት ላይ ተበተነ። ዓይኗን መክፈት ነበረባት። ከፍታ ደገመችው። እየጮኸች፣ ነበልባሉ ከጠፋም በኋላ፣ ማጥፊያው ባዶ እስኪሆን ጨመቀችው።

ሹፌሮቹ መኪናዋን ገፍተው ዳር ካወጡላቸው በኋላ ሁለቱም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የተቃጠለው ጥቂት ቱቦና ሽቦ ነው።

«ሸሽቼ ነበር ጋሼ» አለች። «ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ነበር። ቤንዚን እፈራለሁ።»

«እኔ ያየሁት በሩን ስትከፍቺልኝ ብቻ ነው» አሏት። ቀጥለውም፦ «እኔ ደህና ነው ብዬ የፈረምኩበትን ሞተር ይዞ የተነሳ አውሮፕላን ሰላም ማረፉን ሳልሰማ ምግብ አይወርድልኝም ነበር። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም።»

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አርቃ በሌላ በኩል አዞረችው። መሀላቸው ሙቀት የሚመክት ቆርቆሮ አቆመች፤ ካርቡራቶሩና ሞተሩ መካከል ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ንጣፍ ሰካች። ፓምፑንም ከሞተሩ ትኩሳት አውጥታ ኋላ፣ ታንከሩ አጠገብ አሰረችው። የበሩንም እጀታ ጠገነች። በየቀኑ መጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ ታላቅቃለች፣ የአሸዋ ባልዲ ታስጠጋለች። ይለቀኛል ብላ የጠበቀችው ፍርሃት አልለቀቃትም፤ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ቦሌን ዞረው ዞረው፣ ሞተሩ እንደ ምድጃ ሲግል አትላስ ሆቴል አጠገብ አቆሙና አጠፏት። አሥር ደቂቃ። ጋሽ ዘርአጽዮን ሰዓታቸውን አይተው ቦታ ለቀቁላትና ቁልፉን ሰጧት።

«አንቺ አስነሺያት።»

መጀመሪያ አሸተተች። ሽታ የለም። ወርዳ ከሥሯ አየች፤ ደረቅ ነው። ተመልሳ ቁልፉን አዞረችው። መኪናዋ በአንዴ ተነሳች። ጋሽ ዘርአጽዮን በደስታ ሲጮኹ የሆቴሉ ጥበቃ ደንግጦ ዞረ።

ደሪቱ ድምፁን ጥቂት አዳመጠችና አጠፋችው።

«ምነው ልጄ?»

«አንድ ጊዜ አይበቃኝም» አለች። «ሌላ አሥር ደቂቃ እንጠብቅ።»