ፍሪጅና አበልጅ

ኤሪቤርቶ የሞተው ሐሙስ ኦገስት 14 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ጠበቃ ዘንድ ሊሄድ ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና "ኔሬ፣ እስቲ ትንሽ ውሃ" አለ። ሚስቱ ኔሬይዳ ውሃውን ይዛ ስትመለስ የሚጠጣው ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ተቀበረ። የዘጠኝ ቀኑ ጸሎትም ዕለቱኑ ተጀመረ። በሦስተኛው ቀን ኔሬይዳ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ለቅሶ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ የሚያየው የሟቹን ፎቶ ሳይሆን ፍሪጁን ነው።

"በረዶም ይሠራል እኮ" አለች አንዷ ጎረቤት፣ ማድ ቤት ገብታ የፍሪጁን በር ከፍታ።

"ዝጊው አንቺ! ሰው ሞቶ አንቺ በረዶ ትቆጥሪያለሽ?"

"መቁጠሬ አይደለም። ዳቦ ቤታቸው ከተዘጋ ሦስት ወሩ ነው። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? ፍራሹንስ አይተሽዋል? ቦርሳዬን ላስቀምጥ መኝታ ቤት ገብቼ ትንሽ ቁጭ አልኩበት።"

"ትንሽ?"

"እሺ፣ ጋደም አልኩበት። ወገቤ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።"

"ሞቱን አውቆት ነው የሚሉ አሉ።"

"ሞቱን ያወቀ ሰው የመኪና ጎማ ይገዛል? አራቱንም?"

ኔሬይዳ ኮሪደሩ ላይ የስኒ ትሪ ይዛ ሰማቻቸው። ገባችና "ስኳሩ ከላይኛው መደርደሪያ ነው" ብላ ወጣች። የሴቶቹ ወሬ አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ያልመጣው ሰው ነው።

ያልመጣው ኮንፌሶር ነው። ልጇን ያሬሊስን ክርስትና ያነሳ አበልጃቸው ነው። ከኤሪቤርቶ ጋር አንድ ወንዝ ውስጥ ዋኝተው ያደጉ ናቸው። ቤቱ ከእነሱ ቤት በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ በረንዳው ላይ ሆኖ ግቢያቸው የሚገባውን ሁሉ ያያል። ፍሪጁንም ፍራሹንም የጫነው መኪና ሲገባ አይቷል። ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር። የማንንም እጅ ሳይጨብጥ ሄደ።

በእኛ መንደር ዘጠኙን ቀን አንድም ጊዜ ያልመጣ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ለቅሶ ደረሰ አይባልም። እንግዳ ነው። እንደ እንግዳ ይስተናገዳል፤ እንደ እንግዳም ይሸኛል። አበልጅነቱም እዚያ ላይ ያበቃል።

የቅሬታው ምክንያት የዳቦ ቤቱ ምድጃ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ኤሪቤርቶ አዲስ ምድጃ ሲያስገባ ባንኩ ያበደረው አልበቃ አለ። ኮንፌሶር ሁለቱን በሬዎቹን ሸጦ ሞላለት። ኤሪቤርቶ "እንፈራረም" ቢለው "አበልጅን ማስፈረም ስድብ ነው" ብሎ ተቆጣ። ከዚያ የመብራት ዋጋ ናረ። ወጣቱም ዳቦ በላተኛውም ባሕር ተሻግሮ ኦርላንዶ ገባ። ዳቦ ቤቱ ሜይ ላይ ተዘጋ፤ ባንኩም በዋስትና የያዘውን መኖሪያ ቤታቸውን ለሐራጅ አወጣው። ቀኑ ተቆረጠ፤ ረቡዕ፣ ኦገስት 27።

ያኔ ነው ባያሞን ከተማ ወዳለችው ጠበቃ የሄዱት። ልጅ እግር ናት፤ እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ትፈልገዋለች።

"ከሰርን ብላችሁ ፍርድ ቤት ስታመለክቱ ሐራጁ ይቆማል" አለቻቸው። "ከዚያ በፊት ግን ንገሩኝ፣ ቤታችሁ ምን ይጎድለዋል?"

"እንዴት ማለት?" አለ ኤሪቤርቶ።

"ፍሪጁ ይሠራል? የምትተኙት ምን ላይ ነው? መኪናው ጎማ አለው? ከዚህ በኋላ ለብዙ ጊዜ በዱቤ የሚሰጣችሁ የለም። የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ የተሸጠበት ገንዘብ እጃችሁ ላይ ነው። ለኑሮ የግድ የሆነውን አሁን ግዙ። በእጅ በእጅ እንጂ በካርድ እንዳይሆን። ደረሰኙን አትጣሉ። ቴሌቪዥን የለም፣ ወርቅ የለም፣ ሽርሽር የለም።"

"የአበልጄ ዕዳ አለብኝ። የሱን መጀመሪያ ልክፈልና..."

"በፍጹም! አሁን ከከፈሉት ፍርድ ቤቱ የሚሾመው አጣሪ ለአንዱ አድልታችኋል ብሎ ደጁ ድረስ ሄዶ ከእጁ ይወስድበታል። የእሱም ስም ከባንኩ ጋር እዚህ ዝርዝር ላይ ይጻፋል። እንደ ባንኩ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ከኪስዎ ቢሰጡት ግን ማንም አይከለክልዎትም።"

"በሬውን ሸጦ ላበደረኝ ሰው የፍርድ ቤት ደብዳቤ ላድርስ?"

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን ትፈልግ ጀመር።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ባልና ሚስቱ ጎጆ እንደሚወጡ ሙሽሮች ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። የድሮው ፍሪጅ በር በቀበቶ ነበር የሚታሰረው። ፍራሹ መሐሉ ጎድጉዶ ሁለቱም ሲነጋ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር የሚገናኙት። ኤሪቤርቶ ያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት "የግድ ነው ወይስ አማረን?" ይላል። አንድ ሻጭ በር የሚያህል ቴሌቪዥን ፊት አቆመው። ቡጢ እየታየ ነበር፤ ኤሪቤርቶ ሁለት ዙር ቆሞ አየ።

"ይውሰዱት ጋሼ፣ ወደውታል" አለው ሻጩ።

"ወድጄዋለሁ። ዛሬ የምገዛው ግን የሚያስፈልገኝን ነው።"

"የሚያስፈልግዎትን አይወዱትም?"

"አንዷን ብቻ። እሷን ደግሞ ድሮ ወስጃታለሁ።"

መነጽር ቤት ኔሬይዳ በጣም ርካሹን ክፈፍ ስታነሳ ከእጇ ተቀበላት። "ጠበቃዋ መነጽር አለች እንጂ አስቀያሚ መነጽር አላለችም" አለና የሚያምርባትን መረጠላት።

ዕቃ ጭነው ሲመለሱ ግን ወደ ኮንፌሶር በረንዳ ቀና ብሎ አያይም። ኪሳራውን ለማንም አላወራም፤ ለእህቱ እንኳ። "ለአበልጄ ዛሬ እነግረዋለሁ" ብሎ ዳገቱን ይወጣል፤ ሳይነግረው ይወርዳል።

በአምስተኛው ቀን የኤሪቤርቶ እህት ሉዝ ኔሬይዳን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባቻት። ነገሩን ያወቀችው ከቀብር ወዲህ ነው። ለቅሶተኛው የሰጠውን ገንዘብ በፖስታ ይዛለች።

"እንቺ። ይሄን ለኮንፌሶር ላኪለትና ይምጣ። ስሙንም ከዚያ ዝርዝር አውጪው። የተፈራረሙት የለ፣ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። እጄን አንስቼ ልምል ነው የምሄደው፣ ሉዝ።"

"ስንቱ ይምል የለ!"

"ብሰጠው ይነጥቁታል። በሬውን አንዴ ለእኛ ሸጧል፤ አሁን ደግሞ አጣሪ ልላክበት?"

"እና ወንድሜ ከአበልጁ እንደተኳረፈ ይቅር?"

"አይቀርም። ገንዘቡ ግን ለቀብሩ ወጪ ነው፤ አስቀምጪው።"

ሉዝ እያጉረመረመች ወጣች። ኔሬይዳ ኮንፌሶር በራሱ ይመጣል ብላ ሁለት ቀን ጠበቀች። ስድስተኛው አለፈ፣ ሰባተኛው አለፈ። ቅዳሜ፣ በስምንተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ዳገቱን ወጣች።

ኮንፌሶር ጓሮው ውስጥ የሚያፋልመውን አውራ ዶሮ ታቅፎ እግሩን በቅባት ያሸዋል። ቀና አላለም።

"ፍሪጁ ደህና ይቀዘቅዛል?" አለ።

"ይቀዘቅዛል። አንተ ቀብር ላይ እንደነበርከው።"

አፉ ለሳቅ ሄዶ ተመለሰ።

"አበልጄ፣ ገንዘብ ይዤ አልመጣሁም" አለች ቆማ። "ሰኞ ከሰርን ብዬ ፍርድ ቤት አመለክታለሁ። ካላመለከትኩ ረቡዕ ቤቱ ይሸጣል። የዕዳ ዝርዝሩ ላይ ስምህ አለ። ደብዳቤ ይመጣልሃል። ከፖስተኛ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው።"

"የእኔ ስም? ከባንኩ ጋር?"

"ከባንኩ ጋር።"

ዶሮውን ለቀቀው። "ለፍራሽ ነበረው። ለጎማ ነበረው። እዚህ ቆሜ እያየሁ! ለእኔ ነው ያጣው?"

"የገዛነው ጠበቃዋ ግዙ ያለችንን ነው። ላንተ ቢሰጥህ ኖሮ ሰው መጥቶ ከእጅህ ይወስድብህ ነበር። ሕጉ እንደዚያ ነው። ነገሩ ሲያልቅ ከኪሱ ሊከፍልህ ነበር ያሰበው።"

"አፍ አልነበረውም?"

"አፈረ። ሊነግርህ ሦስት ጊዜ መጣ።"

ኮንፌሶር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ቅባቱን ከጣቶቹ ላይ በጨርቅ ጠረገ፤ ካለቀም በኋላ መጥረጉን አላቆመም።

"ጁላይ ላይ መጥቶ ነበር" አለ። "እዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ስለ ዶሮ እግር ጠየቀኝ። ኤሪቤርቶ ስለ ዶሮ የሚያውቀው መብላቱን ነው። የሆነ ነገር ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩት፤ ሊከፍለኝ ነው አልኩ። ዝም ብሎ ሲነሳ ተናደድኩ። 'ደህና ዋል' ሲለኝ አልመለስኩለትም።"

ኔሬይዳ ጨርቁን ከእጁ ወስዳ አጠፈችው።

"ስምህን አላወጣውም" አለች። "ብትቆጣኝም አላወጣውም። ጸሎቱ ነገ ያበቃል። በአስር ሰዓት ነው።"

ዳገቱን ወረደች።

እሑድ ቤቱ ሞላ። ጸሎት መሪዋ ዶኛ ኦኔሊያ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቅዱሳኑን አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ሕዝቡ "ጸልዩለት" እያለ ይቀበላል። ኔሬይዳ በሩን ላለማየት ራሷን ስትይዝ ቆየች። ጸሎቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ቀና ስትል ኮንፌሶር የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አንድ እግሩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል።

"ወይ ግባ ወይ ውጣ" አሉ ዶኛ ኦኔሊያ ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው ሳያነሱ። "ዝንብ አታስገባብን። ቅዱስ ሚካኤል!"

"ጸልዩለት።"

ያሬሊስ ከእናቷ ጎን ተነሳች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እንደ ልጅነቷ ግን እጆቿን አጣምራ ከሰው መሐል "ይባርኩኝ፣ አባባ" አለች። በእኛ ዘንድ ይህን ለሚል ልጅ መልስ አይነፈግም። ከአባቱ ጋር የተጣላ ሰው እንኳ ልጁን ባርኮ ነው ፊቱን የሚያዞረው።

"እግዜር ይባርክሽ፣ ልጄ" አለ ኮንፌሶር። ፊቱን አላዞረም። ገባና ከቤተሰቡ ረድፍ ተንበርክኮ "ጸልዩለት" አለ፤ ከሰው ሁሉ ጮክ ብሎ፣ ከሰው ሁሉ ዘግይቶ።

ሰው ከተሸኘ በኋላ እሱ ቀረ።

"ዝርዝሩ የታለ?" አለ።

ኔሬይዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ኮንፌሶር ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበ።

"'ኮንፌሶር ሮሳዶ' ብቻ?"

"ምን ጎደለው?"

"ከወንዙ ማዶ ሌላ ኮንፌሶር ሮሳዶ አለ፣ የአጎቴ ልጅ። ደብዳቤው ለሱ ደርሶ አገር ሊያዳርሰው? ስጪኝ እስክሪብቶ።"

የእናቱን ቤተሰብ ስም ጨመረበት፤ አድራሻውን፣ የመንገዱን ቁጥርና ቤቱ ያለበትን ኪሎ ሜትርም፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ሊመልስላት ሲል ቆም አለ።

"ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?"

"የሱ። ጠበቃዋ ቢሮ በእጁ የጻፈው ነው።"

ኮንፌሶር ጣቱን ኤሪቤርቶ በጻፈው ስሙ ሥር አደረገና ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ቀስ ብሎ ሄደበት። "ደህና ዋል፣ አበልጄ" አለ።

ኔሬይዳ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈረመች። የረቡዑ ሐራጅ አልተካሄደም። ደብዳቤው ሴፕቴምበር 9 ቀን ደረሰ፤ ለትክክለኛው ኮንፌሶር።