ሳምንት የማይሞላ ጥገና

መካኒኩ በእህቱ መኪና አንጀቱ አሯል። ሌላ ደንበኛ ቢሆን «ወንድሜ፣ መኪናህ አርጅታለች» ብሎ ይገላገል ነበር። እህት ግን እህት ናት፤ ያውም ታላቅ። መተዳደሪያዋም ይህችው መኪና ናት፤ ጠዋትና ማታ የሰፈሩን ሕፃናት ትምህርት ቤት ታመላልስባታለች። መኪናዋ ግን ሁለት ወር ሙሉ፣ ባሰኛት ጊዜ መንገድ መሐል ታንቃ ትጠፋለች። ዓርብ ዕለት ስድስት ሕፃናት እንደጫነች፣ ከኋላዋ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እያንባረቀባት ቀጥ አለች። እህትየው ማታውኑ ደወለች።

«ሰኞ ከቆመች ወላጆቹ ሌላ ሹፌር ይፈልጋሉ። እኔም ሌላ መካኒክ እፈልጋለሁ» ብላ ዘጋችው።

የሚያበግነው ደግሞ ችግሩን ማወቁ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ነው። ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለችው፤ እሷ ከቆሸሸች የአየሩን መጠን አሳንሳ ትናገራለች፣ ሞተሩም ቤንዚን እያነሰው ይታነቃል። ኮምፒውተሩን ሲሰካ ያው ያነሰ የአየር ቁጥር፣ ሴንሰሩን ሲነቅል ሽቦዋ ላይ ያው ዘይት። ሲያጥበው መኪናዋ ትድናለች፤ ሳምንት ሳይሞላት ዞራ ትመጣለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሴንሰሩን በአዲስ ለወጠ፣ የአየር ቱቦውን ለወጠ። ዘይቱን የሚተፋው ሞተሩ ነው ብሎ ግማሹን ፈታው፤ ሞተሩ ምንም የለበትም። የሚገባውን አየር ከአቧራ የሚያጣራውን ፊልትሮም ሦስት ጊዜ ቀየረ፤ ሦስቱም ዘይት ጠጥተው ተገኙ። ከየት እንደሚጠጡ ግን የሚነግረው ጠፋ።

ቅዳሜ እንደገና አዲስ ፊልትሮ አስገባ። እሁድ ጠዋት አላስችል ሲለው፣ እህቱ ከአባታቸው ጋር ወደምትኖርበት ቤት ሄደ። የመኪናዋ ኮፈን ተከፍቷል። አጠገቡ አባቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የትናንቱን ፊልትሮ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዘይት ይቀቡታል። ቀስ ብለው፣ አንድም እጥፋት ሳይዘሉ።

ደሙ ፈላ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ያንተን ሥራ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ደረቅ ፊልትሮ አቧራ አይዝም። ስንት ጊዜ ላስተምርህ?»

ማስተማሩንስ አስተምረውታል። አርባ ዓመት መካኒክ ነበሩ፤ በእሳቸው ዘመን ፊልትሮ ዘይት ካልነካው ፊልትሮ አይባልም።

«ይሄኛው ወረቀት ነው። ዘይቱ በአየር እየተሳበ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል።»

«ሴንሰር ሴንሰር እያላችሁ እኮ ነው ጆሯችሁ የደነቆረው።»

ከአባቱ ጋር ተከራክሮ ረትቶ አያውቅም። ሴንሰሩን ነቅሎ አጠበ፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ደረቅ ፊልትሮ አውጥቶ አስገባና ሞተሩን አስነሳ። ድምፁ ልክ ነው። አጠፋውና በአባቱ ዘይታም ብሩሽ የሴንሰሩን ሽቦ ነካ አድርጎ እንደገና አስነሳ። ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ተንተፋተፈ፣ ታንቆ ጠፋ። ሽማግሌው የሞተርን ሕመም የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ብሩሹ ላይ አፍጥጠው ቆዩ።

«ድገመው» አሉ። ደገመው።

እህትየው ድምፁን ሰምታ ወጣች። «እሺ፣ ምኗ ነው?»

መካኒኩ አባቱን አየ። «ቱቦው ነው። እኔ ነኝ አጥብቄ ያላሰርኩት።»

«በቃ። ሁለት ወር ሙሉ ቱቦ ማሰር ካቃተህ፣ የሰው ልጅ ጭኜ አንተን አላምንም። ሌላ ጋራዥ እወስዳታለሁ።»

«አትዋሽልኝ» አሉ አባትየው፤ ወደ ሴት ልጃቸውም ዞሩ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። እሁድ እሁድ ዘይት እየቀባሁ የማስገባው እኔ ነኝ። ልጆቹን እንደጫንሽ መንገድ ላይ ያቆምኩሽም እኔው ነኝ።»

ሁለት ወር ሙሉ የሚቆጣበት ሰው ሲፈልግ የከረመው መካኒክ፣ አሁን ሲያገኘው ቁጣው የት እንደገባ አላወቀም። ሽማግሌው ብሩሹን በጨርቅ ጠረጉት፣ የዘይቱን ቆርቆሮ ከደኑና ሁለቱንም ለልጃቸው አቀበሉት።

«ውሰደው» አሉ። «እኔ ዘንድ ከተቀመጠ እረሳና እቀባዋለሁ።»