ያልደረቀው ወንበር

የቤት ዕቃ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ቫርኒሽ ቀቢ ነኝ። ሙያዬን ለማሞገስ አይደለም እንጂ፣ አንዴ የቀባሁት ጠረጴዛ ላይ ዝንብ አርፋ፣ ተንሸራታ ወገቧን ተሰብራለች። ያላመነ ዝንቧን ይጠይቅ።

አለቃችን ታዲያ ቫርኒሽ መድረቅ እንዳለበት መስማት አይፈልግም። ጠዋት የተቀባውን ከሰዓት መኪና ላይ ይጭናል። በቀደም አንዱ ቁምሳጥን የደንበኛውን መጋረጃ ይዞ አልለቅም አለ። ሰውየው እየጮኸ መጣ። አለቃ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥፋቱን በእኔ ላይ አላኮ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፈና "ነገ ትፈርማለህ" አለኝ። ከፈረምኩ በሚቀጥለው ስህተት መባረሬ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት።

"ፈርመህ ይቅርታ በለው። አፍህን ደግሞ እዚሁ ትተኸው ሂድ!"

በማግስቱ ጠዋት ምስማር የምንለው አናጢ በር ላይ ጠበቀኝ። "ስማ፣ እርጥብ ወንበር አስቀምጥለት። ይጣበቅልሃል!"

ምራቄን ዋጥኩ። እንዲህ ያለ ተንኮል ለእኔ ከምሳ ይበልጣል። ግን ከተጣበቀ በኋላ ማን ይሰማኛል? ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ብቻ ልናገር ቆረጥኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ወንበር ከሥሩ ይዤ ቢሮው ገባሁ።

"አለቃ፣ ይሄ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተቀባ ነው። በጣትዎ ይንኩት፤ ገና ነው። ሁለት ቀን ይፈልጋል። ለዚህ ነው የማልፈርመው። ብቻ እንዳይቀመጡበት።"

"ሂድ ወዲያ! መጋዘን ውስጥ አዞ ገብቷል ብለህ ጥበቃውን አጥር ያዘለልከው አንተ አይደለህ?"

"እኔው ነኝ። ይሄኛው ግን እውነት ነው።"

"እንዲህ እያበራ? አይ ቀዳጅ!" ብሎ ዘጭ አለበት።

ስለ ታማኝነት ብዙ መከረኝ። ምክሩን ጨርሶ ሲነሣ ወንበሩም አብሮት ተነሣ። ዞር አለ፤ ወንበሩም ዞረ።

ሠራተኛውን ሁሉ ለመጥራት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት፤ በሩንም ዘጋሁ። ከዚያ ጨርቅ ቫርኒሽ በሚያስለቅቀው ቲነር ነክሬ ተንበረከክሁ።

"ለሰው ትናገራለህ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ብናገርስ ማን ያምነኛል?"

መጀመሪያ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ። እጁን ዘርግቶ ማስጠንቀቂያውን ከጠረጴዛው አነሣና አራት ቦታ ቀደደው። ሱሪው ሲላቀቅ የኋላው ግማሽ ወንበሩ ላይ ቀረ፤ የሥራ ካፖርቴን አውልቄ አለበስኩት።

በማግስቱ ሹፌሩ እንደ ልማዱ ሊጭን መጣ። አለቃ ማድረቂያው ክፍል በር ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"አንዱን ብትነካ! ሁለት ቀን ሳይሞላው ምንም ነገር አይወጣም!"

"ደግሞ ከመቼ ወዲህ?" አለ ሹፌሩ።

አለቃ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ እያፏጨሁ አልጋ እቀባ ነበር።